ተከራዬ እጮኛውንና ውሻዋን ላምጣ አለኝ፤ ምን ልበለው?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች እያከራየሁ እተዳደራለሁ። ሁለቱን አንዲት እናት ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ይዛለች። ሦስተኛውን የያዘው ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ነው። በኅዳር ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ኪራይ አዘግይቶብኝ አያውቅም፤ ሲያመኝም ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ‹እትዬ፣ እጮኛዬ እዚህ ሥራ አግኝታ ከሻሸመኔ ልትመጣ ነው፤ አብራኝ ትኑር፤ ውሻም አለቻት፣ ትታት መምጣት አልሆነላትም› አለኝ። ሽማግሌ ተልኮ ቀለበት ታስሯል፣ ሠርጉ ለጥር ነው ይላል። ልጅቷንም ውሻዋንም አላየኋቸውም። ውላችን አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ስለ ሰው ብዛትም ስለ እንስሳም የሚለው ነገር የለም። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ‹ወይ ኪራዩን እጥፍ አድርጊበት፣ ወይ ውሻዋን ሰበብ አድርገሽ አስወጪው› ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳይጋቡ አብረው ቢኖሩ ሰው ምን ይለኛል እላለሁ፤ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ በሚመጡበት ግቢ ውሻ መግባቱም ይከብደኛል። ልጁን ማስቀየም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

የተከበሩ እናታችን፣

በቅድሚያ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ልጁ መጠየቁን ነው። በየግቢው ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ «እህቴ ናት፣ ለሁለት ቀን መጥታ ነው» ተብሎ ይጀመርና ሁለቱ ቀን ሳምንት፣ ሳምንቱም ወር ሆኖ፣ አከራይዋ አንድ ቀን ጠዋት በር ሲከፍቱ የማያውቁት ሰው ቧንቧው ሥር ልብስ ዘፍዝፎ ያገኛሉ። የእርስዎ ተከራይ ግን ልጅቷም ውሻዋም ገና ሻሸመኔ ሳሉ የሚፈልገውን ሳይደብቅ ነግሮዎታል። እሺ ቢባልም እንቢ ቢባልም ግልጽ መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ከሁለት ሳምንት ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ልጅቷ ሥራ የምትጀምርበት ቀን አለ፣ እንቢ ከተባሉም ሌላ ቤት የሚፈልጉበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄው በአንድ ትንፋሽ ቢቀርብም ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንዱ ስለ ሰው፣ ሌላው ስለ እንስሳ። ለእያንዳንዱ የየራሱን መልስ፣ በየራሱ ምክንያት እንዲሰጡ እመክርዎታለሁ። ልጅዎ «ውሻዋን ሰበብ አድርጊ» ያለው ለእናቱ ተቆርቁሮ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም በደብዳቤዎ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። ልጅቷ እንዳትመጣ ፈልገው በውሻ ቢያሳብቡ፣ ልጁ «እንግዲያውስ ውሻዋ ትቅር» ብሎ ሲመለስ ምን ይሉታል? ሌላ ሰበብ ይፈልጋሉ፤ እሱም እውነተኛው ምክንያት ያ እንዳልነበረ ይገባዋል፤ ሲያምዎት ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሰዎት ሰው ከዚያ በኋላ የሚያይዎት በሌላ ዓይን ነው። በተገላቢጦሹ፣ የከበደዎት ውሻዋ ሆና ሳለ «ሳትጋቡ አይሆንም» ቢሉ፣ ጥር ላይ ተጋብተው ከነውሻዋ በርዎ ላይ ይቆማሉ።

ከልጅቷ ልጀምር። ያልተጋቡ ሰዎች በግቢዎ አብረው መኖራቸው ኅሊናዎን ቢከብደው ማንም ሊነቅፍዎት አይገባም፤ ኖረው ያደጉበት እምነትና ወግ ነው። ይሁን እንጂ ሽማግሌ የተላከበት፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የተዋወቀበትና የሠርጉ ወር የተነገረበት ግንኙነት በወጋችንም ቢሆን በስውር የተያዘ ነገር አይደለም። የሚቀረው ነገሩ እንደተባለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ይህንንም ከልጁ አንደበት ብቻ ሳይሆን ከራሷ ከልጅቷ መስማት አለብዎት። አንድ እሑድ ከሻሸመኔ መጥታ ቡና እንድትጠጣ ይጋብዟት፤ መንገዱ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ከእርስዎ ጋር ቧንቧና የግቢ በር የምትጋራው እሷ ስለሆነች፣ ራሷ መጥታ «እትዬ፣ ከእርስዎ ግቢ ልኑር» ብላ ብትጠይቅ ተገቢም ጨዋነትም ነው።

ስትመጣ የሚጠይቋት ነገር አያሳፍርም። ቤተሰቦቿ እዚህ ከእጮኛዋ ጋር ልትኖር መሆኑን ያውቃሉ ወይ? አንድ ምሽት ወንድሞቿ በሩን ቢያንኳኩ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎትና ይህን ማወቅ መብትዎ ነው። ሥራዋ በፈረቃ ነው ወይስ በቀን ብቻ? የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ታውቃለች? መታወቂያዋን ማየትም የተለመደ ነገር ነው፤ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት ማለፉንም በዚያው ያረጋግጣሉ። ከዚህ አልፎ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ትውልድ ሐረጓ ወይም ስለ ሃይማኖቷ መመርመር ግን አከራይን አይመለከትም፤ በአንዳንድ ግቢ ይህ ሲደረግ ስሰማ ስለ ተጠያቂዋ አዝናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኅሊናዎ አሁንም እንቢ ካለ፣ እውነቱን ይንገሩት። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ልጄ፣ ልጅቷን ወድጃታለሁ። ነገር ግን ሳትጋቡ በግቢዬ አብራችሁ ብትኖሩ እምነቴ አይፈቅድልኝም፤ ሐሜት ፈርቼ እንዳይመስልህ። ጥር ላይ ተጋብታችሁ ስትመጡ በሬ ክፍት ነው።» እንዲህ ያለ መልስ ቅር ሊያሰኘው ይችላል፤ እስከ ጥርም ሌላ ቤት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም በጥላቻ አይለይዎትም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን ይቀበሏት እላለሁ። ልጁን ሁለት ዓመት ዓይተውታል፤ ጋብቻቸውም የወራት ጉዳይ ነው። ስለ ሰው አፍ የሚጨነቁ ከሆነ፣ ጎረቤት በብዛት የሚያወራው ስለተደበቀ ነገር ነው፤ እርስዎ ራስዎ በዕድሩም በቡናውም «የተከራዬ እጮኛ ናት፣ ጥር ላይ ሠርግ አለብን» ብለው ቀድመው ቢያስተዋውቋት ለሐሜት የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ልጅቷን መቀበል በሥነ ምግባር በኩል ያለውን ጥያቄ ቢመልስም፣ ማንም ከወዲሁ የማያስበው የቤት ጣጣ አለ፤ እሱም ምጣድ ነው። ወንደላጤ እንጀራ ገዝቶ ይበላል፤ ሁለት ሆነው ጎጆ ሲቀልሱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል። አንድ ምጣድ ሲሞቅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ማለት ነው። የሰርቪስ ክፍሎች መስመር ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት የሚሳበው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ታስቦ ስለሆነ፣ ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 (ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት) ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፤ ቸል ከተባለም እሳት ይነሣል። ስለዚህ ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርተው መስመሩን ያስፈትሹ፤ ምጣድ የሚሰካበት መስመር ራሱን የቻለ፣ ወፍራም ሽቦ፣ በተለምዶ ባለ 4፣ ያለውና የራሱ ብሬከር የተገጠመለት ቢሆን ይመረጣል። ወጪው ቤትዎ ላይ የሚቀር ማሻሻያ ስለሆነ ዋናውን ድርሻ እርስዎ ቢሸፍኑ፣ እነሱም ጥቂት ቢያግዙ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ቆጣሪውም አለ። ደብዳቤዎ ባይገልጽም፣ ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ፦ የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በወር የተጠቀሙት ኪሎ ዋት ሰዓት በጨመረ ቁጥር የአንዱም ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው። አንዱ ክፍል ምጣድ ሲጨምር የመላው ግቢ ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣና፣ ምንም ያልጨመረችው የሕፃኑ እናት ሳይቀር የምትከፍለው ከፍ ይላል። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ይህን ጭቅጭቅ ከሥሩ ይነቅለዋል። ውሃውን ደግሞ እስካሁን በበር እያካፈላችሁ ከሆነ ከእንግዲህ በነፍስ ወከፍ አድርጉት። መጸዳጃ ቤቱም በሰው ልክ ቶሎ ይሞላልና የማስመጠጫው ወጪ በዚያው ስሌት ይካፈል።

ልጅዎ «እጥፍ አድርጊበት» ያለውን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። አንድ ሰው ሲጨመር በእርስዎ ላይ የሚጨመረው እውነተኛ ወጪ ውሃ፣ መብራትና ማስመጠጫ ነው፤ እነዚህን በአግባቡ ካካፈሉ ክፍሉ ያው ክፍል፣ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ሕጉም ቢሆን ለእጥፍ ጭማሪ በር አይከፍትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሎች በሚወስኑት መሠረት ስለሆነ፣ አዲስ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ ቀርበው በሐዋሳ ያለውን አሠራር ይጠይቁ። ከሕጉም ሌላ፣ በሰዓቱ የሚከፍል ተከራይ አስቀይመው ክፍሉ ለሁለት ወር ባዶ ቢቆይ የሚያጡት፣ በጭማሪ አገኘዋለሁ ከሚሉት ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ውሻዋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ መልሴ «እሺ» ሳይሆን «ምናልባት» ነው።

አስቀድመው ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህች ውሻ በቀን የማን ናት? ልጁ ፋብሪካ ይውላል፣ ልጅቷም ሥራ ልትጀምር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ግቢ የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ውሃዋ ሲያልቅ፣ ሰው በሩን ሲያንኳኳ፣ ዶሮ ግቢ ሲገባ የምትጮኸው እርስዎ ጆሮ ላይ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይም ፍርፋሪ የሚጥሉላትና እዳሪዋን የሚጠርጉት እርስዎ ይሆናሉ። በስም የልጅቷ ሆና በሥራ የእርስዎ ትሆናለች ማለት ነው። ይህን ከወደዱት፣ ብቻዎን ስለሚኖሩ የምትጠብቅዎት ውሻ መኖሯ ሊያስደስትዎት ይችላልና፣ እሰየው። ካልወደዱት ግን ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት ተናግረው፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ መልስ ማን እንደሚመግባት፣ ማን እንደሚያጸዳላት፣ እነሱ ለበዓል ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ ወዴት እንደምትወሰድ ራሳቸው እንዲመልሱ ያድርጉ። «አስቸጋሪ አይደለችም» የሚለው መልስ አይበቃም።

የት ትውላለች የሚለውም ዝርዝር መልስ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶባት ብትውል በበጋው ሙቀት ትሠቃያለች፣ በር ትቧጥራለች፣ ታላዝናለች። በአጭር ገመድ ታስራ ብትውል ደግሞ ቁጡ ትሆናለች፤ ሁልጊዜ የሚታሰር ውሻ ለመናከስ የቀረበ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሞች አጥብቀው ይናገራሉ። እንደ ልቧ ግቢ ውስጥ ትለቀቅ ከተባለም የአራት ዓመት ሕፃን የሚጫወትበት ግቢ ነው። የሚሆነው፣ ከሰርቪሱ ጎን ጥላ ያለው ጥግ ካለ በሽቦ ወይም በእንጨት ታጥሮ፣ እንደ ልብ የምትንቀሳቀስበት ስፋት ያለው ማደሪያ ቢሠራላት ነው። ለዚህ የሚሆን ቦታ ከሌለ ግቢው ለውሻ አይሆንም፤ ለውሻዋም ጭካኔ ነው።

ጤናን በተመለከተ ምንም ዓይነት ይሉኝታ አይያዝዎ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በሰው ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት ከ100 እጅ 99ኙ የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም ከተጎጂዎቹ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የክትባት ካርዷን በዓይንዎ ይዩ፤ ቀኑን፣ የክሊኒኩን ማኅተምና የሚቀጥለውን ክትባት ጊዜ ያንብቡ። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ውሻዋ ብትከተብም እንኳ፣ ሰው የነከሰች ወይም የቧጨረች እንደሆነ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ የግቢው ሰው ሁሉ ይወቅ። ቁስሉ ላይ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍም ሆነ «ትንሽ ናት» ብሎ ማደር የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው የትል ነገር አለ። በዓል ሲመጣ በጉ ግቢ ውስጥ ይታረዳል፣ የተበላሸውን ሳንባና ጉበት ለውሻ እንወረውራለን። በዚያ ሥጋ ውስጥ ያለው የትል ዘር ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከእዳሪ ጋር ይወጣል፤ አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ ሲያደርገው ሊገባበትና ከዓመታት በኋላ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ለውሻዋ ጥሬ የሆድ ዕቃ አለመስጠት፣ እዳሪዋን በየቀኑ ማንሣት፣ የትል መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ጊዜ፣ በተለምዶ በየሦስት ወሩ፣ መስጠት። ሴት እንደመሆኗም ካልመከነች በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የሰፈሩ ወንድ ውሾች ሁሉ በርዎ ላይ እንደሚያድሩ፣ ቡችሎችም እንደሚከተሉ ከወዲሁ ይነጋገሩበት።

ጠበልና የንስሐ አባትዎን በተመለከተ ያነሡት ሐሳብ ሊከበር የሚገባው ነው። ውሻዋ ወደ ዋናው ቤት በረንዳ እንዳትወጣ፣ አባ በሚመጡበትና ጸሎት በሚደረግበት ጊዜ ማደሪያዋ ውስጥ እንድትዘጋ መጠየቅ ማንንም የሚያስቀይም ገደብ አይደለም። አባንም ራሳቸውን ቢጠይቋቸው ልብዎ ያርፋል።

ከማንም በፊት ግን ማነጋገር ያለብዎት የሕፃኑን እናት ነው። እሷ ሁለት ክፍል ይዛ፣ ኪራይ ከፍላ፣ ልጇን ያለ ስጋት የምታሳድግበትን ግቢ ነው የተከራየችው። ለወጣቱ እሺ ብለው ከጨረሱ በኋላ ቢነግሯት ማሳወቅ እንጂ ማማከር አይሆንም። ልጇ ውሻ ይፈራል ወይ? አለርጂ ወይም አስም አለበት ወይ? ከዚህ በፊት ተነክሶ ያውቃል ወይ? እሷ ከልቧ «አልችልም» ካለች፣ በእኔ ሚዛን የውሻዋ ጉዳይ እዚያው ያበቃል። እሺ ካለችም ውሻዋ ለአንድ ቀን ትምጣና ግቢውን ትይ፤ ሕፃኑን ስታይ እንዴት እንደምትሆን፣ ባለቤቷ ስትጠራት ትመጣ እንደሆነ፣ ብቻዋን ግማሽ ሰዓት ስትተው ትጮህ እንደሆነ ይመልከቱ። ስለ ውሻ ጠባይ ከሚነገርዎት ሁሉ ይህ ግማሽ ቀን ብዙ ያሳይዎታል።

የምትነካከስ ወይም ዕቃ የምታበላሽ ብትሆን ማን ይጠየቃል የሚለውን ሕጉ መልሶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን ወይም ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ይናገራል። ባለቤቷ ልጅቷ ናት፤ የእርስዎ ውል ግን የልጁን ስም ብቻ ነው የያዘው። እንግዲህ ልጅቷ የምትገባ ከሆነ ስሟ በውሉ ይግባ፣ ራሷም ትፈርም። ይህ እርስዎን ብቻ ሳይሆን እሷንም ይጠቅማል፤ ክፉ አይምጣና ሁለቱ ቢለያዩ ስሟ ያልተጻፈ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ጎዳና ላይ የምትቀር ደባል ትሆናለች።

የሁለት ዓመቱ ዘመን ኅዳር ላይ ስለሚሞላ አሮጌው ወረቀት ላይ መስመር ከመጨመር አዲስ ውል መጻፍ ይሻላል። የተከራዮቹ ስም፣ በክፍሉ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸው፣ እንግዳ ከስንት ቀን በላይ ሲቆይ እንደሚነገርዎት፣ የውሃና የመብራት አከፋፈሉ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢወጣ ክፍሉ ለማን እንደሚሆን ይጻፍ። የውሻዋን ጉዳይ ግን በተለየ ወረቀት ያድርጉት፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ተከራዮች አንዲት ውሻ ለሦስት ወር ሙከራ እንዲያኖሩ ተፈቅዷል። የክትባት ካርዷን በየዓመቱ ያሳያሉ፤ እዳሪዋን በየቀኑ ያነሣሉ፤ ማታ ማደሪያዋ ውስጥ ትዘጋለች፤ ለምታደርሰው ጉዳት ኃላፊ ናቸው። ሰው ከነከሰች፣ ወይም ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ከተነገራቸው በኋላ ጩኸቷ ካልተስተካከለ፣ በ15 ቀን ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዷታል፤ የቤቱ ኪራይ ውል ግን ይቀጥላል።» የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳይዘነጉ፤ ውሻዋ ሳትስማማ ብትቀር የሚፈርሰው የውሻዋ ፈቃድ እንጂ የሁለት ሰዎች ጎጆ እንዳይሆን የምትጠብቀው ይህች ሐረግ ናት። ሁለቱም ወረቀቶች በሁለት ምስክር ፊት ይፈረሙ፤ እያንዳንዳችሁም ቅጂ ያዙ።

ውሻዋ ገና ያልተከተበች ከሆነ ሻሸመኔ ተከትባ ክትባቱ በደንብ እስኪይዛት ድረስ አንድ ወር ያህል ቤተሰብ ዘንድ ትቆይ። ልጅቷ ግን የውሻዋን ካርድ መጠበቅ የለባትም፤ ሽቦው ከተስተካከለና ውሉ ከተፈረመ ሥራዋን በምትጀምርበት ሳምንት ልትገባ ትችላለች።